ሞተሩ ሲጠፋ ማን ምን ጻፈ?

የባሕር ዳሩን አውሮፕላን የጣለው የርግብ መንጋ ነው ስል ድሬዳዋ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀኝ ሳቅ ነው። «ርግብ ደግሞ ብረት ትሰብራለች እንዴ?» ይሉኛል። እኔ ግን ይህን ታሪክ ከመናገር አልቦዝንም፤ ስለ አውሮፕላን ሞተር አንድ ተሳፋሪ ሊያውቀው ከሚገባው ነገር ብዙው እዚያ ውስጥ አለና።

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ነው። ከአዲስ አበባ በባሕር ዳር በኩል ወደ አስመራ የሚሄድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን 104 ሰዎችን ይዞ ከባሕር ዳር ሲነሳ ርግቦች መንገዱን ሞሉት። በየጣሪያችንና በየቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ሥር የምትሰፍረው፣ ክንፏ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያላት፣ ዓይኗ ዙሪያውን የቀላ ርግብ ናት። ሁለቱም ሞተሮች ዋጧቸው። አንደኛው ሞተር ወዲያው ኃይሉን አጣ፤ ሁለተኛው ደግሞ አብራሪዎቹ ወደ አየር ማረፊያው ለመመለስ ሲታገሉ ተከተለው። አውሮፕላኑ ጎማው ሳይወርድ በሆዱ አረፈ፤ እሳት ተነሳ። 35 ተሳፋሪዎች ሞቱ፤ 69 ሰዎች ተረፉ።

ርግብ ብረት ትሰብራለች ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው ፍጥነቱ ላይ ነው። የጄት ሞተር ከፊት የሚገባውን አየር የማራገቢያ ክንፍ በሚመስሉ በተደረደሩ ብሌዶች እየጨመቀ ወደ ኋላ ይሰዳል። ብሌዶቹ በከፍተኛ ፍጥነት ስለሚሽከረከሩ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ሥጋና አጥንት እንኳ ያጣምማቸዋል። የተጣመመ ብሌድ ደግሞ አየሩን በወጉ አያሳልፍም፤ የታመቀው አየር ወደ ፊት ይመለሳል፤ ሞተሩ እንደ መድፍ ይጮኻል፤ ከኋላው የእሳት ምላስ ይወጣል። በመስኮት የሚያይ ሰው «ሞተሩ ፈነዳ» ይላል። በማግስቱ ጋዜጣውም «ሞተሩ ፈነዳ» ብሎ ይጽፋል። ብዙ ጊዜ ግን የፈነዳ ነገር የለም። ሞተሩ ትንፋሽ አጥሮት ነው፤ አብራሪው ጉልበቱን ሲቀንስለት መልሶ የሚረጋጋበት ጊዜም አለ። ከዚህ በእጅጉ የሚለየውና በእርግጥ የሚያስፈራው፣ የሞተሩ ውስጥ አካል ተሰብሮ ሽፋኑን በስቶ የሚወጣበት ብልሽት ነው። በዓለም አቀፉ ደንብ እንዲህ ያለው ብልሽት ማንም ባይጎዳበት እንኳ ከባድ ክስተት ተብሎ ይመረመራል። ሦስተኛም ዓይነት አለ፤ የዘይት ግፊት ሲወርድ ወይም ንዝረት ሲበዛ አብራሪው ራሱ፣ ለጥንቃቄ ሲል፣ ሞተሩን የሚያጠፋበት። በእኛ መገናኛ ብዙኃን ሦስቱም በአንድ ቃል ሲጠሩ ማየት ያበሳጨኛል። ሐኪም ጉንፋንንና የሳንባ ነቀርሳን «ሳል» ብሎ ጽፎ ቢተው ማን ዝም ይለዋል?

ከድሬዳዋ የሚበር ሰው ሌላም የሚያውቀው ነገር ቢኖር እወዳለሁ። አየር ማረፊያችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,160 ሜትር ላይ ነው፤ ሙቀቱን ደግሞ ለድሬ ሰው አልነግረውም። ከፍታና ሙቀት ሲገናኙ አየሩ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ከሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል፣ ክንፉንም አያግዘውም። ከከተማችን በስተደቡብ የደንገጎ ተራራ ቆሟል። እንዲህ ካለ ቦታ የሚነሳ አውሮፕላን ምን ያህል ሰውና ጭነት መያዝ እንደሚችል የሚሰላው ሁለቱ ሞተሮች በሰላም ይሠራሉ ተብሎ ብቻ አይደለም። ስሌቱ አንደኛው ሞተር በክፉ ሰዓት፣ መቆም በማይቻልበት ፍጥነት ላይ ቢጠፋስ ብሎ ይጀምራል። አብራሪዎች ያንን ወሰን ቪ ዋን ይሉታል፤ ከእሱ በኋላ መነሳት እንጂ መቆም የለም። ባለሁለት ሞተር የመንገደኛ ጄት ጎማውን ከሰበሰበ በኋላ በአንድ ሞተር ብቻ በየ100 ሜትሩ ቢያንስ 2.4 ሜትር መውጣት መቻል አለበት። በቀትር የድሬ ፀሐይ ሻንጣዎ በሚቀጥለው በረራ ይመጣል ከተባሉ፣ ከጀርባው ይህ ስሌት ሊኖር ይችላል።

እንግዲህ ሞተር መጥፋት ማለት መውደቅ ማለት አይደለም። ከማረፊያ ሦስት ሰዓት ርቀው ውቅያኖስ ላይ እንዲበሩ በሚፈቀድላቸው ባለሁለት ሞተር አውሮፕላኖች ላይ የሚጠበቀው ልክ በ50,000 የሞተር ሰዓት ከአንድ መጥፋት ያልበለጠ ነው። ሞተሩ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ወፍ ይወረወርበታል፤ በሙሉ ኃይሉ እየሠራ አንዱ ብሌድ ሆን ተብሎ በፈንጂ ይቆረጥና ሽፋኑ ስብርባሪውን አፍኖ መያዝ አለመቻሉ ይታያል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ሰው የሞተባቸውን አደጋዎች ሪፖርት ሳነብ ደጋግሞ የሚገጥመኝ ነገር አለ፤ ብልሽቱ አስቀድሞ ምልክት ሰጥቶ ነበር። ምልክቱን ያየው ሰው አልጻፈውም፤ ወይም ጽፎት ያነበበው የለም፤ ወይም የተነበበው በጊዜው ሥራ ላይ አልዋለም።

አባቴ በምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ ያደገ ሰው ነው። ልጅ ሳለሁ መዶሻ ይዞ ከፉርጎ ፉርጎ ሲሄድ አይቼዋለሁ። የፉርጎውን የብረት ጎማ በቀስታ ይመታና ጆሮውን ዘንበል ያደርጋል። ደህና ጎማ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀ ጎማ ድምፁ ይደፈናል። ድምፁ ያልጣመውን ጎማ በኖራ ያሰምርበታል፤ ከዚያም ወደ መዝገቡ ይሄዳል። መምታቱን ከእሱ ሌላ የሚያውቁ ነበሩ፤ አባቴ የሚኮራበት ግን መጻፉ ነበር። «ኖራው ዝናብ ያጥበዋል» ይል ነበር።

የአውሮፕላን ሞተር ስንጥቅም የሚፈለገው በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ መዶሻው ወደ አልትራሳውንድ ተለወጠ እንጂ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 17 ቀን 2018 የሳውዝዌስት አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከኒውዮርክ ተነስቶ ወደ ከፍታው ሲወጣ ከግራ ሞተሩ ማራገቢያ አንድ ብሌድ ከሥሩ ተሰበረ። የሞተሩ ሽፋን ስብርባሪ መስኮት ሰበረ፤ አንዲት ተሳፋሪ ሕይወቷ አለፈ። ካፒቴን ታሚ ጆ ሹልትስ አውሮፕላኑን ፊላደልፊያ አሳረፈችው። ብሌዱ ከ32,000 በላይ ጊዜ ተነስቶ ያረፈ ነው። የተሰነጠቀው ዲስክ በሚባለው፣ ብሌዶቹን በያዘው ክብ ብረት ውስጥ በሚሰካው ሥሩ በኩል ስለሆነ ሳይነቀል በዓይን አይታይም። ከአደጋው አምስት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ በፊት ሲታደስ ስንጥቅ በሚያሳይ ቀለም ተፈትሾ ነበር፤ ስንጥቁ ያን ጊዜም ሳይኖር አልቀረም፤ ግን አልተያዘም።

ምርመራውን ሳነብ በጣም የያዘኝ የስብራቱ ፊት ነው። የደከመ ብረት በአንድ ጊዜ አይሰበርም፤ በእያንዳንዱ በረራ በጣም ጥቂት እየተከፈለ ይሄዳል፤ በተከፈለ ቁጥርም ፊቱ ላይ ቅስት መሰል መስመር ይተዋል። በከተማችን የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ሲጎድል አሸዋው ላይ ውኃው የቆመበትን መስመር ደረጃ በደረጃ ትቶ እንደሚሄድ ማለት ነው። ባለሙያው ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጎ መስመሮቹን ይቆጥርና ስንጥቁ ከየት ተነስቶ ስንት በረራ እንደፈጀ ይናገራል።

ያ ብሌድ የመጀመሪያው አልነበረም። በነሐሴ 2016 እ.ኤ.አ. በዚያው አየር መንገድ፣ በዚያው ዓይነት ሞተር ላይ ተመሳሳይ ብሌድ ተሰብሮ ነበር፤ ማንም አልሞተም። አምራቹ ብሌዶቹ በአልትራሳውንድ እንዲፈተሹ ሐሳብ አቀረበ፤ የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ፍተሻውን ግዴታ የሚያደርግ መመሪያ ማዘጋጀት ጀመረ። መመሪያው በሂደት ላይ እያለ ሁለተኛው ተሰበረ። ተሳፋሪዋ በሞተች በሦስተኛው ቀን አስቸኳይ መመሪያ ወጣ። ሦስት ቀን ይበቃ ኖሯል ብዬ መበሳጨት እችላለሁ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ስብራት በሐቅ ባይጻፍ ኖሮ ሁለተኛው ሲመጣ የትኛው ብሌድ፣ የት ላይ፣ በምን መሣሪያ እንደሚፈተሽ የሚያውቅ ሰው አይኖርም ነበር።

አንዳንዴ ማስረጃው ራሱ ከሰማይ ወድቆ እስኪገኝ መጠበቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1989 በአሜሪካዋ ሱ ሲቲ ላይ የተከሰከሰው የዩናይትድ አየር መንገድ ዲሲ-10 አውሮፕላን የጅራት ሞተሩ ዲስክ ተበትኖ አውሮፕላኑ የሚመራባቸውን ሦስቱንም የሃይድሮሊክ መስመሮች ቆርጦበት ነበር። ከ296 ሰዎች 112 ሞቱ። የዲስኩ ዋና ክፍል የተገኘው ከሦስት ወር በኋላ በበቆሎ ማሳ ውስጥ በአጨዳ ጊዜ ነው። ታይታኒየሙ ከ17 ዓመት በላይ ቀድሞ ሲቀልጥ ውስጡ የቀረች አንዲት ጠጣር ጉድለት የስንጥቁ መነሻ ሆና ተገኘች። በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከሲንጋፖር የተነሳው የኳንታስ ኤ380 ሞተሩ ፈንድቶ ስብርባሪው በኢንዶኔዥያዋ የባታም ደሴት ላይ ዘነበ። 469ኙም ተሳፋሪና ሠራተኛ በሰላም ወረዱ። የችግሩ ምንጭ በአግባቡ ያልተቦረቦረ አንድ አጭር የዘይት ቧንቧ ነበር፤ የቧንቧው አንድ ጎን ሳስቶ ተሰነጠቀ፣ ዘይት ፈሰሰ፣ እሳት ተነሳ።

ስለ መዝገብ ከተነሳ የማላልፈው አንድ ታሪክ አለ። የሞተር ብልሽት አይደለም፤ ለእኛ ግን ከማንኛውም ሞተር ይቀርባል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 28 ቀን 2018 የላየን ኤር 737 ማክስ ከባሊ ወደ ጃካርታ ሲበር መሪው ሲንቀጠቀጥ፣ አፍንጫው በራሱ ወደ ታች ሲገፋ አመሸ። አብራሪዎቹ ኮክፒት ውስጥ በነበረ ሦስተኛ አብራሪ እርዳታ ጭምር ተቋቁመው አረፉ። ከዚያም አብራሪዎቹ ቴክ ሎግ በሚባለው የብልሽት መዝገብ ላይ አንዳንድ ምልክቶችን ጻፉ። የመሪውን የማያቋርጥ መንቀጥቀጥና ችግሩን ለመግታት የወሰዱትን እርምጃ ግን አልጻፉም። በማግስቱ ያው አውሮፕላን 189 ሰዎችን ይዞ ባሕር ገባ። የኢንዶኔዥያ መርማሪዎች ይህን ክፍተት በሪፖርታቸው በግልጽ አስፍረውታል። ከአምስት ወር ሳይሞላ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ የአየር መንገዳችን ተመሳሳይ 737 ማክስ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ዋናው ዕዳ የአውሮፕላኑ ንድፍ ነው፤ ያንን ማንም አይሰርዘውም። ቢሆንም ያ ያልተጻፈ መስመር ባሰብኩት ቁጥር እንቅልፍ ይነሳኛል።

የሚናገረው አብራሪ ወይም ቴክኒሻን ብቻ መሆን የለበትም። እ.ኤ.አ. ጥር 8 ቀን 1989 ከለንደን ወደ ቤልፋስት የሚበር ቦይንግ 737 የግራ ሞተሩ ብሌድ ተሰበረ። ጭስ ገባ፤ አብራሪዎቹ ጭሱ ከቀኝ ሞተር የመጣ መሰላቸው፤ ደህናውን ሞተር አጠፉት። እንዳጋጣሚ ንዝረቱም ጭሱም ቀነሰ፤ ትክክል የሠሩ መሰላቸው። ዋናው አብራሪ በቀኙ ሞተር ላይ ችግር እንደነበረና እንደጠፋ ለተሳፋሪዎች ተናገረ። በግራ በኩል የተቀመጡ ሰዎች ግን እሳቱን በዓይናቸው አይተዋል። «ቀኝ አለ እንዴ?» ብለው በልባቸው የጠየቁ ነበሩ። ሦስት የበረራ አስተናጋጆችም አይተዋል። ለካፒቴኑ የነገረው ግን አንድም ሰው የለም። አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል የተጎዳው ሞተር ሙሉ በሙሉ ከዳው፤ ኬግዎርዝ መንደር አጠገብ አውራ ጎዳና ዳር ተከሰከሰ። ከ126 ሰዎች 47ቱ ሞቱ።

ለምን ዝም አሉ? እሱ ካፒቴን ነው፣ ከእኛ ያውቃል ብለው ነው። ከዚያ ወዲህ በአብራሪዎችና በአስተናጋጆች ሥልጠና ውስጥ ታናሹ ለታላቁ ያየውን እንዲናገር፣ ታላቁም እንዲሰማ ማድረግ ትልቅ ቦታ አግኝቷል። እኛ ድሬዎች በዚህ በኩል ሳንታደል አልቀረንም፤ እዚህ ሽማግሌውም «አንተ» ነው፣ የተሳሳተ ሲመስል ፊት ለፊት ይነገረዋል። እኔ ደግሞ ተሳፋሪ ስሆን፣ ባለፕሮፔለሯ አውሮፕላን መስኮት ዳር ስቀመጥ፣ ከሞተሩ ዘይት ሲዘረዝር ወይም ጭስ ሲወጣ ባይ አስተናጋጇን ከመጥራት አልመለስም። ያየሁት ምንም ላይሆን ይችላል፤ ምንም አለመሆኑን መወሰን ግን የእሷና የአብራሪው ነው።

በሰኔ 2017 ዓ.ም. የኤር ኢንዲያው ድሪምላይነር አሕመዳባድ ላይ ሲወድቅ ከዚራ ሰፈራችን ዛፎቹ ሥር ሻይ ይዘን ነበር። ቪዲዮው በየስልኩ ይዞራል።

«ወፍ ነው» አለ አንዱ።

«ነዳጁ ቆሻሻ ነበረበት» አለ ሌላው።

ከምድር ባቡር ጡረታ የወጣ አዛውንት «አብራሪው ተኝቶ ነው» ሲል፣ ልጁ የሚሆን ወጣት «አንተ ደግሞ ከየት አመጣኸው? ገና ጥቁሩ ሳጥን አልተከፈተም!» ብሎ አፋጠጠው። ወጣቱን ልስመው ቃጣኝ።

ከ30 ቀን በኋላ የወጣው የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት ከተነሳ በኋላ የሁለቱም ሞተሮች ነዳጅ መቆጣጠሪያ ማብሪያዎች በአንድ ሰከንድ ልዩነት ከመሥራት ወደ መቁረጥ መዞራቸውን፣ በድምፅ መቅጃው ላይም አንዱ አብራሪ ሌላውን ለምን ቆረጥክ ብሎ ሲጠይቀው ሌላው እኔ አልቆረጥኩም ማለቱን ነገረን። ማን እንዳዞረው፣ ለምን እንደዞረ አልፈረደም። ብዙ ሰው በዚህ ተናደደ፤ «ደብቀው ነው» ተባለ። እኔ ግን ሪፖርት እንዲህ መሆን አለበት ባይ ነኝ። ሥራው የሚመራበት ሰነድ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት 13ኛ አባሪ ነው። አባሪው እንደሚለው የምርመራው ብቸኛ ዓላማ የሚቀጥለውን አደጋ መከላከል ነው፤ ጥፋተኛ መለየትና ተጠያቂ ማድረግ የሱ ሥራ አይደለም። ለዚያ ፖሊስና ፍርድ ቤት አለ። አደጋው የደረሰበት አገር ይመራል፤ አውሮፕላኑን የመዘገበው፣ የሚያበረው፣ የነደፈውና የሠራው አገር ወኪሎቻቸውን ይልካሉ። በ30 ቀን ውስጥ የታወቀውን ብቻ ያወጣሉ። የመጨረሻው ሪፖርት በ12 ወር ይወጣ ዘንድ ይፈለጋል፤ ካልደረሰም በየዓመቱ መታሰቢያው ቀን ምርመራው የት እንደደረሰ መነገር አለበት።

ባለሙያዎች አለመስማማታቸውም አይደበቅም። የቢሾፍቱው አደጋ የመጀመሪያ ሪፖርት የወጣው ገና ወር ሳይሞላው ነው። በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. የመጨረሻው ሲወጣ፣ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች በአንዳንድ ነጥቦች እንደማይስማሙ በይፋ ጻፉ። የእኛዎቹ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከሚመጣው አየር ጋር የሚሠራውን ማዕዘን የሚለካው ጠቋሚ የተበላሸው በምርት ጥራት ጉድለት በተነሳ የኤሌክትሪክ ችግር ነው ሲሉ፣ አሜሪካኖቹ ከወፍ ጋር ሳይጋጭ አይቀርም አሉ። ሁለቱም ጽሑፍ ለማንም ክፍት ነው፤ አንባቢው ራሱ ያመዛዝናል። ይህ ለእኔ ትልቅ ክብር ነው፤ ለሟቾችም ቢሆን።

ድሬዳዋ የራሷ ትልቅ አደጋ አለባት። በጥር 1977 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል ይመላለስ የነበረው ባቡር አዋሽ ላይ ኩርባው ጋ ከሃዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ። ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሾፌሩ ፍጥነት አልቀነሰም ተብሎ ታሰረ። በከተማችን እስከ ዛሬ ስለዚያ ቀን ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ይኸው ነው፤ ሾፌሩ አልቀነሰም። ሊሆን ይችላል። ኩርባውስ ምልክት ነበረው? ፍሬኑስ መቼ ተፈተሸ? ፉርጎዎቹ ስንት ሰው ጭነዋል? ሾፌሩ ስንት ሰዓት ሳያርፍ ሠርቶ ነበር? ከዚያ በፊት በዚያች ኩርባ የደነገጠ ሌላ ሾፌር ነበር? ጽፎትስ ነበር? አባቴ እነዚህን ጥያቄዎች እራት ላይ ሲያነሳቸው እሰማ ነበር፤ ሰውየው ታስሯል ከተባለ በኋላ ግን የሚመልስለት አላገኘም።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምታነቡ የምድር ባቡር ልጆች፣ በተለይ በለገሃሬና በከዚራ ያላችሁ፣ አባቶቻችሁ በዚያ ዘመን በጋራዥም ሆነ በመስመሩ ላይ የሠሩ ከሆነ ጠይቋቸው። የተረፈ የሥራ መዝገብ፣ የፍተሻ ወረቀት፣ የፍጥነት ትእዛዝ ካለ ፎቶ አንሱና ላኩልኝ። በቃል የሚያስታውሱትንም ጻፉ፤ ያዩትንና የሰሙትን ለይታችሁ። የማንንም ስም አላወጣም። የሚደርሰኝን ሁሉ በቀኑ ቅደም ተከተል አስቀምጬ እዚሁ አትመዋለሁ።